«በአንዳንድ ሥፍራዎች» የሚባለው አገር ወዴት ነው?

«ነገ በአንዳንድ ሥፍራዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይኖራል» ሲባል ያልሰማ የለም። እኔ ገንዳ ውሃ ተቀምጬ ይህን «አንዳንድ ሥፍራ» የተባለ አገር በካርታ ብፈልገው አጣሁት። መተማ ይሁን ቋራ፣ ነጋዴ ባሕር ይሁን ሞያሌ፣ ማን ይንገረኝ?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ክረምቱ ሲያበቃ ሰሊጥ ይታጨዳል፤ ነዶው ታስሮ በሂላ ይቆማል፤ ሲደርቅም አፉን ይከፍታል። ያኔ አንድ የከሰዓት ወጀብ ከመጣ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ተበተነ ማለት ነው። ገንዘቡስ ይሁን። ከደጋ ለቀን ሥራ የወረደው ሳሉግ ግን ማጭዱን ይዞ ሜዳ ላይ ነው የሚውለው፤ መጠለያው የላስቲክ ዳስ፣ ያም ከሌለ ብቸኛ ዛፍ ነው። መብረቅ ደግሞ ብቸኛ ዛፍ ይወዳል። አምና ሰማዩ ሲጠቁር አንዱን ሽማግሌ «አባቴ፣ ትንበያ አይሰሙም?» ብላቸው «ልጄ፣ እኛ ጉንዳኑን ነው የምናየው» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር የነገን መብረቅ በቀበሌ ለይቶ መናገር የትም አገር አይቻልም። ቆላው ይግላል፣ የጋለው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ እርጥበት ካገኘ ደመናው በሰዓታት ውስጥ ተራራ አክሎ ይጮኻል፤ ከዚያ ይሞታል። አሜሪካኖችም ቢሆኑ ነቢይ አይደሉም። ኦክላሆማ ያለው ማዕከላቸው ግን ያን ሁሉ አገር በካርታ ከፋፍሎ፣ ከተራው ነጎድጓድ በላይ ለሆነው ወጀብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት የስጋት ደረጃ ይሰጣል። ከአንድ ቦታ በ40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ከመቶ ስንት ዕድል እንዳለው ቁጥሩን ይናገራል። ልወቅ ወይስ ልቆይ የሚለውን ገበሬው ራሱ ይፈርዳል።

መሣሪያ የለንም እንዳይባል፣ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የአውሮፓ ሳተላይት አፍሪካን በየ10 ደቂቃው ታነሳለች፤ ብልጭታውንም ሌት ተቀን ትቆጥራለች። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የዕለት፣ የ10 ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ችግሩ ወዲህ ነው። ትንበያውን በኢንተርኔት ይለጥፉታል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው! ጥቅል ግዙ የሚል መልእክት በቀን ሦስቴ የሚደርሰን ሰዎች «ምዕራብ ጎንደር፣ ነገ ከሰዓት፣ ከመቶ 60» የምትል አንዲት መስመር እንዴት አትደርሰንም? ስልክ ለሌለውስ በሬዲዮ ቢነገር ምን ይከብዳል?

እስከዚያው ሳሉጉ ይቁጠር። ብልጭ ካለ በኋላ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሠላሳ ሳይሞላ ካገሳ ከዛፉ ሥር ወጥቶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ። ቤትም መኪናም በሌለበት ማሳ ወዴት እንደሚገባ ግን ባለማሳዎቹ ይንገሩን።