ማር ይቀመሳል፤ የጆሮ ማዳመጫስ?

ሰቆጣ ገበያ ላይ ማር ሊገዛ የወጣ ነጋዴ የሻጩን ምላስ አምኖ ብር አይቆጥርም። ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል፤ ያሸታል፤ በስንጥር አንስቶ አወራረዱን ያያል። ከዝቋላ ይምጣ ከደሃና ይጠይቃል። ስኳር ገብቶበት እንደሆነ ምላሱ ይነግረዋል፤ ካላማረው ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል። ማንም በዚህ አይቀየምም፤ የገበያው ሕግ ነውና።

ይኸው ሰው ማሩን አዲስ አበባ አራግፎ፣ ትርፉን ይዞ፣ "አንደኛ ነው" የተባለ የጆሮ ማዳመጫ ሊገዛ መርካቶ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የሚሰጠው በላስቲክ የታሸገ ሳጥን ነው። ልሞክረው ቢል "ከተከፈተ አይመለስም" ይባላል። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ፣ ዋጋውን ትንሽ አስቀንሶ፣ ከፍሎ ይወጣል። በጥቂት ኪሎ ማር አልታለልም ያለ ነጋዴ በብዙ ሺህ ብር ዕቃ ላይ ዐይኑን ጨፍኖ ይገዛል ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ኢኮኖሚስቶች ማብራሪያ ካገኙለት ቆይተዋል። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ገዢው የሚሰጠው የመካከለኛ ዕቃ ዋጋ ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥሩ ዕቃ የያዘው ሻጭ አያዋጣውም፤ ስለዚህ ይወጣል። መናኛው ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው በዚሁ መስክ በሠራው ሥራ ነው። የአዲስ አበባን የማዳመጫ ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ የሚገባው ሳይንሱን ሳያነብ ነው። ኦሪጅናሉና ኮፒው አንድ ዓይነት ሳጥን ለብሰው ጎን ለጎን በተቀመጡበት ኦሪጅናሉን በእውነተኛ ዋጋው የሚያስመጣ ሰው ምን ያተርፋል?

እዚህ ላይ ዕቃውን መለየት ይገባል። ነገሩ ከስልክ ጋር ተመርቆ ስለሚሰጠው ማዳመጫ አይደለም። ኢን-ኢር ሞኒተር የሚባለው፣ ጆሮ ቦይ ውስጥ ገብቶ እንደ ቡሽ የሚገጥመውና የውጭውን ጫጫታ የሚዘጋው ዓይነት ነው። ሥሩ ያለው በመስማት ሕክምና ነው፤ ኢቲሞቲክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኢአር-4 የሚለውን ምርቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ከዚያ መስክ ተነሥቶ ነው። በ1995 ደግሞ ጄሪ ሃርቪ የተባለ የመድረክ ድምፅ ባለሙያ ለቫን ሄለን የሮክ ባንድ ከበሮ መቺ በጆሮው ልክ የተሠራ ማዳመጫ ሠራለት፤ አልቲሜት ኢርስ የተባለው ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። መነሻው እንግዲህ የሥራ መሣሪያ ነው። ሙዚቀኛው መድረክ ላይ የራሱን ድምፅ እንዲሰማ፣ ጆሮውም ከድምፅ ማጉያው ግፊት እንዲድን ተብሎ የተሠራ። በእጅ የሚያዝ ጌጥ የሆነው በኋላ ነው።

ዋጋውስ? ሙንድሮፕ የተባለው የቻይና ኩባንያ ቹ የሚባል ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ2022 በ20 ዶላር ገደማ አውጥቷል። የጀርመኑ ዜንሃይዘር አይኢ 900 በ2021 ሲወጣ 1,300 ዶላር ገደማ ነበር። 64 ኦዲዮ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ዩ12ቲ የሚለውን ወደ 2,000 ዶላር ይሸጠዋል። በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ሲሠራ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረ ጊዜ፣ የዜንሃይዘሩ ዋጋ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር ወደ 75 ሺህ ብር ነበር። ዶላሩ 100 ብር ላይ በደረሰ ጊዜ ያው ዕቃ 130 ሺህ ሆነ። ጥያቄው 20 ዶላሩና 1,300 ዶላሩ መካከል ያለው የስልሳ አምስት እጥፍ ልዩነት ጆሮ ላይ ይደርሳል ወይ ነው።

ሻጮች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ቁጥር ነው። "ይሄ አራት ድራይቨር አለው፤ ይሄ ዐሥራ ሁለት።" ድራይቨር ማለት ድምፁን የሚያወጣው ትንሽ ሞተር ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለው፦ አንደኛው እንደ ትልቁ ስፒከር በጠመዝማዛ ሽቦ የሚገፋ ስስ ሽፋን ያለው፤ ሁለተኛው ከመስማት መርጃ መሣሪያ የተወረሰው፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጠው ባላንስድ አርማቸር። ሁለተኛው ትንሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻውን ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ሊሸከም አይችልም፤ ስለዚህ ይደራረባል። ዩ12ቲ ዐሥራ ሁለት አለው። አይኢ 900 ግን 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ድራይቨር ብቻ ናት ያለችው፤ እሷም ከውድድሩ አልወጣችም። የሹር ኩባንያ ኤስኢ846 በአራት ይሠራል። ቁጥር ጥራት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዓይነቱ ውድድር ባልኖረ ነበር። በድራይቨር ቁጥር ማዳመጫ መግዛት በጎማ ቁጥር መኪና እንደመግዛት ነው፤ ኢሱዙው ሁልጊዜ ያሸንፋል።

መመዘኛው ጆሮ ከሆነ ጆሮው በሚያውቀው ነገር ይመዘን። የፈረንጅ መጽሔቶች ማዳመጫ የሚፈትኑት በጃዝና በሲምፎኒ ነው። ለዋግ ሰው የሚሻለው የሻደይ ቅጂ ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሚከበረው በዚህ በዓል ከበሮ፣ ጭብጨባና የብዙ ልጃገረዶች ድምፅ በአንድ ላይ ይወጣሉ፤ ለማዳመጫ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ከባድ ፈተና የለም። በጥሩው ላይ መዳፍ ቆዳውን ሲመታና ከዚያ በኋላ የከበሮው ሆድ ሲያስተጋባ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይሰማሉ። በመናኛው ሁለቱ ተጣብቀው "ድም" ይሆናሉ። ጭብጨባው የእጅ ጭብጨባ ካልመሰለ፣ ቆርቆሮ ወይም የሚጠበስ ዘይት ከመሰለ፣ ቀጭኑ ድምፅ በሰው ሠራሽ ተጋኗል። አውጪዋንና ተቀባዮቹን መለየት ካልተቻለ መካከለኛው ድምፅ ተውጧል። የሰው ጆሮ ከሁሉ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው 3,000 ኸርዝ አካባቢ በመሆኑ ርካሽ ማዳመጫ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ወይም የሚያስጮኸው እዚያ ላይ ነው።

ማሲንቆም ይረዳል። አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ ደጋኑ ሲፈትገው የሚወጣው ሻካራነት ካልተሰማ ዝርዝሩ ጠፍቷል። በገናን የሚያክል ግን የለም። ዐሥሩ አውታሮች እያንዳንዳቸው እንዚራ ከምትባለው የቆዳ ቁራጭ ጋር ሲነካኩ የሚፈጥሩት ንዝረት በመናኛ ማዳመጫ ላይ የተበላሸ ስፒከር ይመስላል። እንዲያውም ገዢው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ያልተበላሸው እሱ ሲሆን።

ሙከራው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ጎማው ነው። በማዳመጫው አፍ ላይ የሚገባው ጎማ ለጆሮ ቦዩ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ክፍተት ይፈጠርና ቤዙ ይፈስሳል። የ2,000 ዶላሩ ማዳመጫ በማይገጥም ጎማ ከ20 ዶላሩ ያንሳል። ሁለተኛው የድምፅ መጠን ነው። ከሁለት ማዳመጫዎች ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ሊያጣራ የፈለገውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስደምጣል። እኩል ካልተደረጉ ውድድሩ ዋጋ የለውም። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል የተጨመቀ ዘፈንም መመዘኛ አይሆንም፤ ከዚያ ውስጥ የጠፋውን የትኛውም ማዳመጫ አይመልሰውም።

ሌላም ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ብዙ ድራይቨር ያላቸው አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ኤስኢ846 ለምሳሌ 9 ኦም ነው። ተቃውሞውም በወፍራሙና በቀጭኑ ድምፅ ላይ እኩል አይደለም። እንዲህ ያለውን ዕቃ አሮጌ ሚክሰር ወይም ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩት የድምፁ ሚዛን ይለወጣል፤ ባለቤቱም ማዳመጫውን ያማል። በአንጻሩ አንድ ድራይቨር ያለው ቀላሉ ዓይነት የትም ቢሰካ ብዙም አይቀየርም። መብራት እየጠፋ፣ ያገኙትን መሣሪያ ይዘው ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ትልቅ ነጥብ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥንካሬ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ነጋዴ ዕቃ መዳሰስ ያውቃል። የቀፎው መጋጠሚያ ጥፍር ያስገባል? በአፉ ላይ ያለው ወንፊት ይነቀላል? ግራና ቀኙ እኩል ይጮኻሉ? የዘፋኙ ድምፅ ጭንቅላት መካከል ካልቆመና ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሁለቱ አልተመጣጠኑም፤ ይህን ለማወቅ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ግን ገመዱ ነው። ማዳመጫ ቀድሞ የሚሞተው በገመዱ በኩል ነው፤ ገመዱ የሚነቀልና የሚተካ ከሆነ ዕቃው ለዓመታት ይኖራል። ከዚህ አኳያ ሲታይ ዛሬ ገበያውን ያጥለቀለቀው ገመድ አልባ ዓይነት ለዚህ አገር መጥፎ ኢንቨስትመንት ነው። በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትደክማለች፤ አትተካም፤ በዶላር የተገዛው ዕቃ ይጣላል።

በጆሮ ልክ የሚሠራውን በተመለከተ ለደላሎች አንድ ማስጠንቀቂያ ይበቃል፦ ሁለተኛ ገበያ የለውም። የሌላ ሰው ጆሮ ነው።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዝቋላ ከሰሜኑ ጦርነት መፈናቀል ሳታገግም በ2016 ዓ.ም. ድርቅ የመታት ወረዳ ናት፤ የ1,300 ዶላር ማዳመጫ ዋጋ እዚያ የፍየል መንጋ ነው። ትክክል ነው። ነገር ግን ሰቆጣ ውስጥ በኽምጣና የተዘፈነ ዘፈን በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ማዳመጫ የሚያቀናብር ወጣት ቢኖር ማዳመጫው ለእሱ እንደ አናጢው ሜትር ነው። ቤዝ የሚያጋንን ማዳመጫ ከገዛ፣ በዛብኝ ብሎ ከዘፈኑ ላይ ቤዙን ይቀንሳል። ዘፈኑ ሚኒባስ ውስጥ ሲከፈት ከበሮ የሌለው ቀጭን ነገር ይሆናል፤ አድማጩም "የገጠር ቅጂ" ብሎ ያልፈዋል። የሙያ ጉድለት ተብሎ የሚቆጠርበት ነገር የተዛባ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው 1,300 ዶላሩ አያስፈልገውም። በ20ና በ100 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይሰማል፤ በ100ና በ300 መካከል ያለው ለሠለጠነ ጆሮ ይሰማል፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው በአብዛኛው ለብረቱ፣ ለአጨራረሱ፣ ለስሙና ለጥቂት ዝርዝር ነው። በየሳምንቱ መድረክ ላይ የሚቆም ድምፃዊ ከዚያ በላይ ቢከፍል አይፈረድበትም፤ ማዳመጫው የሚዘጋለት ጫጫታ ጆሮውን ያተርፍለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው 1.1 ቢሊዮን ወጣቶች በጩኸት ምክንያት መስማታቸው አደጋ ላይ ነው፤ ለአዋቂ የሚፈቅደውም በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ውጭውን በደንብ የሚዘጋ ማዳመጫ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመስማት ያስችላል፤ የማይዘጋው ሚኒባስ ውስጥ እስከ ጫፍ ያስከፍታል።

አስመጪዎችስ? ቡና በቀማሽ፣ ሰሊጥ በናሙና ደረጃ ወጥቶለት በሚሸጥበት አገር ማዳመጫን በታሸገ ሳጥን መሸጥ የግድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ፍሬ ለማሳያ ተከፍቶ፣ የተለያየ መጠን ያለው ጎማ ከጎኑ ተቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ ገዢ በአልኮል እየተጠረገ ቢሰጥ፣ ኮፒ የሚሸጠው ጎረቤት ሊከተለው የማይችለው ነገር ይሆናል። ትርፍ ገመድና ትርፍ ወንፊት አብሮ ቢመጣ ደንበኛው ለገመድ ሲል ተመልሶ ይመጣል። የተከፈተችው አንዷ ፍሬ ወጪ ናት፤ ማር ሻጩም ጣት የሚነከርበትን ማር ከሒሳቡ ላይ ነው የሚቀንሰው።