የረጋ ማር ላይ እሳት አታንድዱ

የማር ቆረጣው እንዴት ነበር?

ዛሬ ምክር ብቻ ሳይሆን የራሴንም አቋም ልናገር። በኅዳር ገበያ አንድ ጋሼ ማራቸውን ይዘው ቢቀርቡ ነጋዴው ክዳኑን ከፍቶ አየና «ይሄማ ስኳር የገባበት ነው፣ ረግቷል» ብሎ መለሰባቸው። በሳምንቱ ያንኑ ማር ድስት ላይ አቅልጠው፣ ወለላ አስመስለው አመጡት። ወዲያው ተሸጠ። ሁለቱም ደስ አላቸው፣ እኔ ግን ከፋኝ። እውነቱን ለመናገር ኮሌጅ ሳልገባ እኔም እናቴ ቤት እንደዚሁ አደርግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ በአማካይ 38 ፍሩክቶስ፣ 31 ግሉኮስ፣ ሌላው የተለያየ ስኳር። በደንብ የበሰለ ማር ውኃው ከ20 ግራም አይበልጥም። ግሉኮስ ውኃ ውስጥ እንደ ፍሩክቶስ በቀላሉ አይሟሟም፤ ብርድ ሲመጣ እየጠጠረ ይወጣል። መርጋት ማለት ይሄው ነው። ንጹሕ ማርም ይረጋል። የትግራይና የላስታ ነጭ ማር ረግቶ፣ ቅቤ መስሎ አይደል እንዴ ገበያ የሚወጣው?

አሁን ወደ መድኃኒትነቱ እንምጣ። ማር ጀርምን የሚያሸንፈው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስኳሩ ብዙ ውኃው ጥቂት ስለሆነ የጀርሟን ውኃ መጥጦ ያደርቃታል። ሁለተኛ፣ አሲድ አለው፤ ስለሚጣፍጥ ነው እንጂ ኮምጣጣ ነገር ነው። ሦስተኛው የንቧ ሥራ ነው። ንብ አበባ ቀስማ ስትመጣ ከራሷ እጢ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ትጨምርበታለች። ይሄ ኢንዛይም የበሰለ ማር ውስጥ እንደተኛ ይቆያል። ማሩ እርጥበት ሲያገኝ ይነቃና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀስ እያለ ያወጣል። ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣውን ፈሳሽ ታውቁት የለ? እሱ ነው፣ በጣም ቀጥኖ።

እሳት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙም አይነካቸውም። ሦስተኛውን ነው የሚገድለው። ቀፎ ውስጥ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድስታችሁ ስንት እንደሚደርስ እናንተው ገምቱ። ድስት ላይ የፈላ ማር ጣፋጭ ነው፣ ለጠጅም ይሆናል፣ ግን «መድኃኒት ነው» ብሎ መሸጥ ለኔ ማታለል ነው። በዚያ ላይ ሲሞቅ ኤች.ኤም.ኤፍ የሚባል ነገር ይጨምርበታል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በኪሎ ከ40 ሚሊግራም፣ ከሞቃት አገር ለሚመጣ ማር ደግሞ ከ80 እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ ካለፈ የውጭ ገበያ በሩ ይዘጋል።

ታዲያ የግድ ማቅለጥ ካለባችሁ ዕቃውን እጃችሁ ችሎ በሚቆይበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጡና ታገሡ። ግማሽ ቀን ቢፈጅም ይፍጅ። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያው ማሞቅ ነው።

ቆረጣ ላይም ችኮላ አለብን። ንቦቹ ያልከደኑትን እንጀራ የቆረጠ ሰው ውኃ ያልጨረሰ ማር ነው የያዘው፤ ሊቦካበት ይችላል። ከፍሬሙ አብዛኛው በሰም ሲከደን ቁረጡ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አታቅምሱ፣ ለትንፋሽም የሚያሰጋ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ብታፈሉትም ያው ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው «ማርማ አይጎዳም» ሲል ሰምቻለሁ፤ ይጎዳል፣ ከላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ሐኪም ቤት ለቁስል የሚጠቀሙበት ማር ደግሞ በጨረር የተጣራ ነው፣ ከጓዳችን ማሰሮ የተቀዳ አይደለም። ከባድ ቁስል ያለበት ሰው ወደ ጤና ኬላ ይሂድ።

በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴው «ረግቷል» ብሎ ከመለሰባችሁ ስልካችሁን አውጡና ይሄን አስነብቡት። አልገባኝም ካለ ቁጥሬን ስጡት፣ እኔው አወራዋለሁ።