እጅ ሲታሰር ክራር አይሰቀል

ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በግራ እጃችን ነው። ፊደሉ ተጣሞ የአዘጋጆቹን ድካም ስላበዛን አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀኝ እጃችን ከአንጓው ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረ እነሆ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። የተሰበረውም ለአገር ወይም ለእውነት በተደረገ ትግል ሳይሆን፣ በፋኩልቲዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ በረኛ ሳንሆን እንደ በረኛ ስለ ወደቅን ነው። የግጥሚያውን ውጤት አንባቢ ስለሚያውቀው አንደግመውም።

ልንናገር የፈለግነው ግን ስለ ስብራቱ አይደለም። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት ተማሪ እጁ ሲጎዳ ልምምዱን ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚለውን ጥያቄ ለማንሣት ነው። ጥያቄው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በየመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አቧራ የለበሱትን ክራሮችና ጊታሮች የተመለከተ ሰው፣ ለአንድ ወር የተባለ ዕረፍት የዘለዓለም ስንብት ሆኖ እንደሚቀር ይገነዘባል።

እጃችን እንደ ታሰረ ሊጠይቁን የመጡት ጓደኞቻችን በሁለት ወገን ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ «ተወው፤ ክራሩንም ስቀለው፤ ደግሞስ ለፈተናው ጊዜ ታገኛለህ» አሉን። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ወንድ ልጅ በዚህ ይሰንፋል እንዴ? ጨከን ብለህ ምታው፤ ሲሠራ ይፍታታል» አሉን። እንዲያውም አንዱ ጀሶውን አውልቀን ወጌሻ ቢያሸን በሳምንት እንደምንድን ማለልን። ሁሉም ሲሰናበቱን ግን በአንድ ቃል «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አጽናኑን።

በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል፤ የተረቱንም ምስጢር አላስተዋሉትም እንላለን። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይደለም፤ ዶሮዋ ስለ ታቀፈችው ነው። ትታው ብትሄድ ይበላሻል፤ ቸኩላ ብትሰብረውም ጫጩት አይወጣውም። የተጎዳ ተጫዋች ልምምድም እንዲሁ ነው፤ ሳይጣልም ሳይቸኮልም መታቀፍ አለበት።

ይህን ያወቅነው ግን በመጽሐፍ ሳይሆን በራሳችን ጥፋት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የማኅበራችን የሙዚቃ ምሽት ተቃረበ። በቡድኑ ውስጥ የነበረን ቦታም አንድ ቃል ሳይነገረን ለሌላ ሰው መሰጠቱን በሻይ ሰዓት ሰማን። ቅናት ያዘን። በዚያው ማታ በራችንን ዘግተን፣ መግረፊያውን ከጀሶው ብቅ ባሉት ጣቶቻችን መካከል ይዘን አንድ ሰዓት ያህል መታን። ሌሊት እጃችን አበጠ፤ ጣቶቻችንም ደነዘዙ። ማለዳ ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ሐኪሙ አልተቆጣንም። ራጁን አንሥቶ ወደ ብርሃን ካሳየን በኋላ፣ በስድስቱ ሳምንት ላይ ሁለት ጨምሮ ሰጠን። የአንድ ሰዓት ጥጋብ ሁለት ሳምንት አስከፈለን ማለት ነው።

ከዚህ የተማርነውን ለማንም ሳንሰስት እንናገራለን። የተሰበረ አጥንት የሚጋጠመው ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ነው፤ በጀግንነት የሚፋጠን ነገር የለውም። ከጀሶው ውጭ ያሉትን ጣቶች ግን ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ማንቀሳቀስ እንዳይደርቁ ይረዳል። ጣት ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከበረታ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ወጌሾቻችንን አንንቅም፤ ብዙ ውልቃት መልሰዋል። ነገር ግን በስብራት ላይ ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም ከልክሎ እጅን እስከ መቆረጥ እንደሚያደርስ ሊታወቅ ይገባል።

እንግዲህ ቀኝ እጅ ካረፈ ምን ይቀራል? ብዙ ይቀራል። ክራር ስንገርፍ ቀኝ እጅ በመግረፊያው ይመታል፤ ግራው የማይፈለገውን አውታር ያፍናል። ክራር ስንደረድር ግን ዜማውን የሚያወጡት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። በገናም ቢሆን የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። እኛ ለሁለት ዓመት በመግረፍ ብቻ ስንመካ ኖረን ድርደራን ንቀን ትተነው ነበር። አሁን ክራሩን በጭናችን ላይ አስደግፈን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንደረድራለን። ግራ እጃችን እንደ ጀማሪ ተማሪ ይንተባተባል፤ ቢሆንም ዕለት ዕለት ይሻሻላል።

ጆሮም ይቀራል። ክራራችንን በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ እያፈራረቅን መቃኘት በአንድ እጅ የሚቻል ሥራ ነው። ቀድሞ ይህን የሚያደርግልን ጓደኛ ስለ ነበረን ጆሯችን ሰንፎ ነበር። ድምፅም ይቀራል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አንድ ተማሪ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ አቋቋም ከመማሩ አስቀድሞ ዜማውን በቃሉ ያጠናል። በአፉ ያልያዘውን በእጁ ሊያመጣው እንደማይችል አባቶች ያውቁ ነበርና።

በመጨረሻም አእምሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ አንድ የሳይንስ ጥናት ላይ ሰዎች ለአምስት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የፒያኖ ልምምድ እንዲያደርጉ ተደርጎ ነበር። ከፊሎቹ በጣታቸው ሲመቱ፣ ከፊሎቹ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳብ ብቻ ተለማመዱ። በሁለቱም ወገን ጣትን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ተመሳሳይ ለውጥ አሳየ። በሐሳብ የተለማመዱት በአጨዋወት ወደ ኋላ ቢቀሩም፣ አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት በእጃቸው ሲሞክሩት ከሌሎቹ ጋር ተስተካከሉ። ማታ መብራት ጠፍቶ ጓደኞቻችን ሲያንኮራፉ እኛ በጨለማ ውስጥ ያለ ድምፅ እንጫወታለን።

ኦስትሪያዊው የፒያኖ ተጫዋች ፓውል ቪትገንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1914 በጦር ሜዳ ቆስሎ ቀኝ እጁ ተቆረጠ። በሳይቤሪያ በምርኮ ሳለ በእንጨት ሣጥን ላይ የፒያኖ ቁልፎችን በከሰል ሥሎ በግራ እጁ ይለማመድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል ለግራ እጅ ብቻ የሚሆን ኮንቼርቶ ጽፎለት፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በቪየና ተጫወተው። እኛ ራሳችንን ከእርሱ ጋር አናስተካክልም፤ የእኛ እጅ ይድናል። ነገር ግን ድምፅ በሌለው ሣጥን ላይ መለማመድ ከተቻለ፣ ባለ ስድስት አውታር ክራር አጠገባችን እያለ ምን ምክንያት አለን?

አንድ ነገር ለሙዚቃ ቡድኖቻችን እንጨምር። የታመመ አባል ለአንድ ምሽት ቢተካ ቅር አይለንም፤ ዝግጅት መቅረት የለበትም። ቅር የሚለን ሳይነገረው መተካቱና እንደ ሞተ መቆጠሩ ነው። እጁ የታሰረ ሰው ክራር ይቃኛል፤ ግጥም ይገለብጣል፤ ጀማሪዎችን ያስተምራል፤ ከኋላ ተቀምጦም የትኛው አውታር እንደ ረገበ ይሰማል። ይህ ሁሉ ልምምድ ነው። በእኛ ላይ እንደ ተመለከታችሁት፣ ተጫዋችን ያለ ጊዜው ክራር የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ ቦታዬን አጣለሁ የሚል ፍርሃት ነው። «ወንበርህ አለ፤ ደኅና ስትሆን ና» የምትል አንዲት ቃል ብንሰማ ኖሮ ያን ሌሊት በራችንን ባልዘጋን ነበር።

ሐኪሙ ቃሉን ከጠበቀ ጀሶው በሚመጣው ሳምንት ይፈታል። በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ እንመታለን፤ ከዚያም እናቆማለን። ማቆሙ ከመጀመሩ ይልቅ እንደሚከብደን እናውቃለን። እስከዚያው ክራሩ ከግድግዳው ወርዶ አልጋችን ላይ ከትራሱ ጎን ተቀምጧል። ለራሱ የሚሆን ቦታ አጥቶ በጠባቡ አልጋ ላይ የሚተኛው ማን እንደ ሆነ ግን የመኝታ ቤት ጓደኞቻችንን ጠይቁ።