ብርሃን የደበቀውን መቁጠር፦ ሆሎግራፊና የረቂቅ ተሕዋስያን ልየታ

ባክቴሪያን ያለ ማቅለሚያ በማይክሮስኮፕ ለማየት የሞከረ ተማሪ እንደሚያውቀው፣ ችግሩ የተሕዋሲው ማነስ ብቻ አይደለም። ማጉያው በቂ ቢሆንም እንኳ ተሕዋሲው እንደ ንጹሕ ብርጭቆ ብርሃኑን ያሳልፈዋል። ሆኖም ብርሃኑ ምንም ሳይደርስበት አላለፈም። የውኃ የብርሃን ስብረት መለኪያ 1.33 ያህል ሲሆን የባክቴሪያ 1.38 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው ባክቴሪያ ውስጥ ያለፈው ብርሃን በአጠገቡ በውኃ ብቻ ካለፈው በ50 ናኖሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ የአረንጓዴ ሌዘር የሞገድ ርዝመት (532 ናኖሜትር) አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ዓይናችንም ሆነ ካሜራ የሚለካው የብርሃንን ድምቀት ብቻ በመሆኑ መዘግየቱ ሳይመዘገብ ይጠፋል። ፊዚክስ ይህን የሞገድ ደረጃ «ፌዝ» ይለዋል፤ ተማሪዎቻችን ቃሉን በአማርኛ ፍቺው ወስደው ፈገግ ማለታቸውን ለምደነዋል።

የሚጠፋውን መረጃ ለማስቀረት መንገዱን ያመለከተው የሃንጋሪ ተወላጁ ዴኒስ ጋቦር ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሐሳቡን ሲያፈልቅ ዓላማው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ጉድለት ማለፍ ነበር። ናሙናው የበተነው ብርሃን ሳይነካ ካለፈው ብርሃን ጋር እንዲደራረብ ይደረጋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ መዘግየቱ ወደ ደማቅና ደብዛዛ ቀለበቶች ይለወጣል፤ ድምቀትን ደግሞ መመዝገብ እንችላለን። ሌዘር በ1960 እ.ኤ.አ. እስኪሠራ ድረስ ሐሳቡ ብዙም አልተራመደም፤ ጋቦር የኖቤል ሽልማት የተቀበለውም በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የፎቶግራፍ ፊልሙን የካሜራ መቀበያ፣ ምሥሉን መልሶ የሚያወጣውን ብርሃን ደግሞ የኮምፒዩተር ስሌት ተክቶታል። ኮምፒዩተሩ ከአንድ ቀረጻ በመነሣት በፉሪዬ ስሌት አማካይነት ምሥሉን በፈለግነው ጥልቀት ላይ ያጠራዋል። ባለሙያው የማስተካከያውን ቁልፍ እያዞረ ንብርብሩን አንድ በአንድ መፈለግ አይጠበቅበትም።

ከማየት ቀጥሎ መለየት ይመጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲው ባህራም ጃቪዲና ባልደረቦቹ በሆሎግራም የተቀረጹ የአልጌ ዓይነቶችን በኮምፒዩተር ለይተው አሳይተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የኮሪያ ተመራማሪዎች በሆሎግራም ምሥሎች ባሠለጠኑት ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ የአባ ሰንጋን ባክቴሪያ ስፖሮች ከቅርብ ዘመዶቹ ስፖሮች መለየት ችለዋል። በተራ ማይክሮስኮፕ እነዚህ እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው።

ይህ ለእኛ አገር የሩቅ ወሬ እንዳይመስል ወባን እንመልከት። በአገራችን ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረምም ፕላስሞዲየም ቫይቫክስም ይገኛሉ። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚያገረሽ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም ደግሞ በፍጥነት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልየታው የሕይወት ጉዳይ ነው። በገጠር በስፋት ስንጠቀምበት የቆየነው ፈጣን መመርመሪያ ፋልሲፓረምን ያውቅ የነበረው ኤች አር ፒ 2 በተባለው ፕሮቲን ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ጥገኞች በኢትዮጵያ መገኘታቸውንና ከመመርመሪያው ያመልጡ እንደነበር አረጋግጧል። ጥገኛው ፕሮቲኑን ይተው እንጂ ቅርጹን አይተውም፤ ማይክሮስኮፕ ዛሬም የሚያስፈልገን ለዚህ ነው። ፊዚክሱም ያግዛል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ኤም አይ ቲ የወጣ ሥራ ጥገኛው ሄሞግሎቢኑን እየበላ ሲያድግ የቀይ የደም ሕዋሱ የስብረት መለኪያ እንደሚቀንስ ያለ አንዳች ማቅለሚያ ለክቶ አሳይቷል።

እንግዲህ መሣሪያውን ገዝተን እናምጣ የሚል ይኖራል። በዚህ አንስማማም። መሣሪያው ከባዱ ክፍል አይደለምና፤ ሌዘር፣ ቀዳዳው እጅግ የጠበበ ሰሌዳ፣ የካሜራ መቀበያና ኮምፒዩተር ብቻ የሚጠይቁ ሌንስ አልባ ዓይነቶች አሉ። ከባዱ ነገር የነርቭ መረቡ የሚማርበት የምሥል ክምችት ነው። መረቡ ያሳዩትን ብቻ ያውቃል። የፋልሲፓረም ምሥሎች ሁሉ በአንድ ላቦራቶሪ፣ የቫይቫክሶቹ ደግሞ በሌላ ቢቀረጹ፣ ጥገኛውን ትቶ የሌንሱን አቧራ ሊማር ይችላል፤ በፈተናውም ከፍተኛ ውጤት ያመጣል! በሌላ አገር ስላይዶች የሠለጠነ ሶፍትዌር በጋምቤላ ጤና ጣቢያ ምን እንደሚል የምናውቀው በጋምቤላ ስናሙከረው ብቻ ነው። ይህን ክምችት ደግሞ የሚሸጥልን የለም። እያንዳንዱ ናሙና ልምድ ባላቸው ሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ተነቦ፣ በፒ ሲ አር ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት፤ የታካሚው ፈቃድና የስሙ ምሥጢርነትም እንዲሁ። የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሎቻችን በአንድ ግቢ እየኖሩ በአንድ ጠረጴዛ አለመቀመጣቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ ከገንዘብ እጥረት የበለጠ ያዘገየናል።

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች በደም መጀመር የለባችሁም፤ እንዲያውም ባትጀምሩ ይሻላል። የእንጀራ እርሾ አንድ ጠብታ በውኃ አቅጥናችሁ በስላይድ ላይ አድርጉ፤ ወደ ሌዘሩ በቀጥታ እንዳትመለከቱ ብቻ ተጠንቀቁ። የእርሾው ሕዋስ አምስት ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የጤፍ ስታርች ቅንጣትም ከሁለት እስከ ስድስት ማይክሮሜትር ይሆናል። በመጠን ስለሚቀራረቡ ኮምፒዩተራችሁ ሕይወት ያለውን ከዱቄቱ የሚለየው በቀለበቶቹ ውስጥ በተመዘገበው መዘግየት ነው፤ ምን ያህሉን እንደሳተ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በእጅ ትቆጥራላችሁ።