ዛፎቹ ምን በደሉ?

«ኳስ እኮ ጨዋታ ነው» አትበለኝ፣ ወንድሜ። የአሜሪካዋን አላባማ ተመልከት። በዋናዎቹ ሊጎች የሚጫወት ክለብ የላትም፤ ልቧን የሰጠችው ለአላባማና ለኦበርን ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦበርን 24 ለ0 ከመመራት ተነሥቶ 28 ለ27 አሸነፈ። ከዚያ አንድ የአላባማ ደጋፊ ሄዶ፣ የኦበርን ሰዎች ድል የሚያከብሩባቸውን ሁለት ዕድሜ ጠገብ ዛፎች መርዝ አጠጣቸው! (አከባበሩ ሶፍት መወርወር ነው፤ እሱስ ይሁን።) ዛፎቹ በ2013 ተቆረጡ።

ይህ የሆነው ቅዳሜ ስታዲየም የሚሞላው ሕዝብ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በሚሞላበት አገር ነው። «አንድ እብድ ነው» ብለህ አትለፈው። በመዘምራን ልምምድ ላይ በአርሰናል ሽንፈት ያፌዝክበት ወንድም ዛሬም አያናግርህም። ሄደህ ይቅርታ ጠይቀኸዋል?