“ነፃ” የተባለው ፀረ-ቫይረስ ዋጋው ስንት ነው?

የመርካቶ ነጋዴ አንድ ዕቃ በነፃ ሲቀርብለት በቅድሚያ የሚያነሳው ጥያቄ “ታዲያ ሰጪው ከምን ያተርፋል?” የሚል ነው። ጥያቄው የዘመናት የንግድ ልምድ ያስተማረው ነው። የሚገርመው ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ የዱቤ ዝርዝሩን፣ የፒችትሪ ሒሳቡንና ከባንክ ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ በያዘው ላፕቶፕ ላይ ነፃ ፀረ-ቫይረስ ሲጫንለት ይህን ጥያቄ ይረሳዋል። የጥገና ባለሙያው “ይሄ ነፃ ነው፤ ማሽኑንም አያከብድም” ካለው ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል።

ጥያቄው ግን በቂ መልስ አለው። መሠረቱ ቼክ ሪፑብሊክ የሆነው አቫስት ፀረ-ቫይረሱን በዓለም ዙሪያ በነፃ በማደል የታወቀ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ግን ተጠቃሚዎቹ በኢንተርኔት የትኛውን ገጽ መቼ እንደከፈቱ የሚያሳይ መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፍ ኩባንያው አማካይነት ለሌሎች ድርጅቶች ይሸጥ እንደነበር በመገናኛ ብዙኃን ተጋለጠ። ጃምፕሾትም ወዲያው ተዘጋ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ይፋ ባደረገው ውሳኔ አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ ሥራ እንዳይሸጥ አዟል። ነገሩ ሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ የባለቤቱን መግቢያና መውጫ ሰዓት እየመዘገበ ሲሸጥ እንደመያዙ ያህል ነው።

ገበያው ራሱ ከውጭ እንደሚታየው ብዙ ተወዳዳሪ ያለበት አይደለም። አቫስት እ.ኤ.አ. በ2016 ተፎካካሪውን ኤቪጂን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ኖርተንን የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ በበኩሉ በቅድሚያ አቪራን ጠቀለለ፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2022 ከአቫስት ጋር ተዋሕዶ ጄን ዲጂታል የሚል ስም ያዘ። ስለዚህ አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራን እያነጻጸረ የተሻለውን የመረጠ የሚመስለው ሰው የአንድ አስመጪ ሦስት መደብሮችን ዞሮ ዋጋ እንደጠየቀ ገዢ ነው። የኖርተን ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የደንበኛው ኮምፒዩተር ሥራ ሲፈታ ክሪፕቶ ገንዘብ የሚያመርትበትን አገልግሎት ከምርቱ ጋር አቅርቦ፣ ደንበኛው ፈቅዶ ሲያሠራው ከሚገኘው 15 ከመቶ ለራሱ ይወስድ እንደነበርም የሚረሳ አይደለም።

ነጋዴው ልብ የማይለው ሌላም ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ ነፃ ፀረ-ቫይረሶች በውላቸው ላይ ለግል እንጂ ለንግድ ሥራ እንዳልተፈቀዱ ይደነግጋሉ። ውሉን ግን ማንም አያነበውም። በጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ፣ በአስመጪ መጋዘን ወይም በደላላ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ላፕቶፕ የግል መጠቀሚያ ነው ብሎ መከራከር ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ማለት እነዚህ ምርቶች ቫይረስ አይዙም ማለት አይደለም። በገለልተኛ ላቦራቶሪዎች ፈተና ጥሩ ውጤት ሲያስመዘግቡ የቆዩ ናቸው። ጥያቄው የተሻለ አማራጭ በእጅ እያለ የማስታወቂያ መስኮቱን፣ “ከፍለህ አሳድገኝ” ውትወታውንና የውል ችግሩን መሸከም ለምን አስፈለገ የሚለው ነው።

ያ አማራጭ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሙሉ ፀረ-ቫይረስ ሆኖ አብሮ ይመጣል። ዋጋው በዊንዶውስ ዋጋ ውስጥ ያለ በመሆኑ ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም፤ የንግድ ኮምፒዩተርን ከግል አይለይም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደካማ ነው ተብሎ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱም እውነትነት ነበረው። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስት የተባለ ላቦራቶሪ ምርቶችን በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም ምቹነት እያንዳንዳቸውን ከ6 ነጥብ ይመዝናል። ዲፌንደር ባለፉት ዓመታት በዚህ ምዘና ከ18 ነጥብ ሙሉውን ወይም ወደ ሙሉው የተጠጋ ሲያገኝ ቆይቷል።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ሁለት ነጥብ አለ፤ ሁለቱም መሠረት አላቸው። የመጀመሪያው ክብደቱ ነው። 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ፍተሻ ሲጀምር ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ብዛት ያለው ፋይል ሲገለበጥም ይዘገያል። ሁለተኛው በኢንተርኔት ላይ ያለው ጥገኝነት ነው። ዲፌንደር አዲስ ነገር ሲያጋጥመው የማይክሮሶፍትን ማዕከል ስለሚጠይቅ መስመር ሲቋረጥ የመለየት አቅሙ ይወርዳል። ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ የሚገኘው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ባወጣቸው ፈተናዎች ይህንን አሳይቷል። ኢንተርኔት በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም፣ መብራትም ለሚሄድበት ሱቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ችግሮች ሌላ ፀረ-ቫይረስ ከመጫን ባነሰ ድካም የሚቃለሉ ናቸው። ፍተሻው በምሳ ሰዓት እንዲካሄድ ማድረግ ይቻላል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ መለወጥ ደግሞ ፀረ-ቫይረስ ከመቀያየር እጅግ የላቀ ፍጥነት ያስገኛል። ኢንተርኔትን በተመለከተ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ከሁሉ በፊት ማሽኑን ማገናኘትና ማደስ፣ የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ማድረግ ይበጃል። ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት እየለወጠ ብዙ የአዲስ አበባ ቢሮዎችን ያስመረረው ቫይረስ ከማተሚያ ቤት ወደ ቢሮ የሚዘዋወረው በዚሁ ፍላሽ ነው።

“ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለት ፀረ-ቫይረሶች አንድ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ ሲሻሙ ማሽኑን ያደክማሉ እንጂ ጥበቃውን እጥፍ አያደርጉም። ጥርጣሬ ሲኖር ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠውን ሴፍቲ ስካነር አውርዶ አንድ ጊዜ ማስፈተሽ ይበቃል። ይህ መሣሪያ ከወረደ 10 ቀን በኋላ አገልግሎቱ ስለሚያበቃ እንደገና ማውረድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ከፀረ-ቫይረስ ምርጫ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የሚመጣው ከተሰበረ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውሱንም ሆነ ኦፊሱን ያለ ክፍያ የሚያስነሳው “አክቲቬተር” ከመጫኑ በፊት ዲፌንደር እንዲጠፋ ያዛል። ዘበኛውን አስወጥቶ እንግዳ ማስገባት ማለት ይህ ነው። ሬድ ካናሪ የተባለ የአሜሪካ የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ባወጣው ዘገባ፣ ኬኤምኤስፒኮ በተባለው ታዋቂ አክቲቬተር ስም የሚሠራጩ ፋይሎች የይለፍ ቃልና የክሪፕቶ ቦርሳ የሚሰርቅ ቫይረስ ይዘው እንደተገኙ ገልጿል።

በእርግጥ ነጋዴው ወደዚህ የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በቀድሞው ሒሳብ 1,700 ብር አካባቢ ይመጣ የነበረ የ30 ዶላር ፈቃድ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህም ነው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገኘውን ዲፌንደር ሳያጠፉ መያዝ ከሌላው አገር ነጋዴ ይልቅ ለዚህ አገር ነጋዴ የሚያዋጣው።

ዲፌንደር ግን የተሰነጠቀ ግድግዳ አይጠግንም። እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ማስለቀቂያ የሚጠይቅ ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን አጥቅቷል። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 14 ቀን ወጥቶ ነበር። ማስተካከያውን በጊዜው ያልጫኑት ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የሰጠው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ ሲሆን፣ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ እስከ 2028 እንደሚያድስ አስታውቋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 እና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች በደንቡ መሠረት ሊጭኑት አይችሉም። ያገለገለ ላፕቶፕ በርካሽ ለሚገዛ ነጋዴ ይህ በዋጋው ውስጥ መታሰብ ያለበት ወጪ ነው።

የትኛውም ፀረ-ቫይረስ፣ ነፃም ይሁን የሚከፈልበት፣ የማይከላከለው ማጭበርበርም አለ። አስመጪው ከውጭ አቅራቢው በመጣ በሚመስል ኢሜይል “የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል” ተብሎ አዲስ ፕሮፎርማ ሲላክለት ፋይሉ ቫይረስ ላይኖረው ይችላል። የሚያድነው ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጡ ብቻ ነው።

የሁለቱ ባላ ምክር የሚሠራው በመጠባበቂያ ቅጂ ላይ ነው። የሒሳብ መዝገቡ በየሳምንቱ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ ዲስኩም ተነቅሎ ይቀመጥ። ሳይነቀል የቀረ ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይቆለፋል። የደንበኞቻቸውን መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሚይዙ ደላሎችና አስተላላፊዎች ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጠፋው ፋይል የራሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ሊገነዘቡ ይገባል።

ከዚህ አንጻር ገዢው ላፕቶፕ ሲገዛ ስለ ራሙና ስለ ባትሪው ብቻ ሳይሆን ስለ ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለበት፤ ዊንዶውሱ ሕጋዊ ፈቃድ አለው ወይ? ዊንዶውስ 11 ይቀበላል ወይ? ዲፌንደሩስ በርቷል ወይ? መልሱም በቃል ሳይሆን በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት። ይህንን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ቢኖር ገዢው ሌላ ሱቅ መሞከር ይችላል።