ተልዕኳችን ከግድግዳ ይውረድ

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዱከም፣ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞንን የያዘች የፋብሪካ ከተማ ናት። ፋብሪካ የዕለት ሥራውን በቁጥር ያቅዳል፤ ማታም በቁጥር ይመዝናል። ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ስንዘልቅ ግን፣ በዱከምም ሆነ በሌላ ከተማ፣ የሚቀበለን «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ሰሌዳ ነው። «ብቁና በሥነ ምግባር የታነጸ ዜጋ ማፍራት» የሚለውን የሚቃወም የለም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ መሳካቱንም ሆነ መክሸፉን የሚያረጋግጥበት መንገድ ያለው ሰው አይገኝም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት መንስኤው ብዙ ነው፤ ጥፋቱን በሰሌዳ ላይ አናላክክም። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ከፈተናው በፊት አንዳች ማስጠንቀቂያ ሊሰጠን አልቻለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ላታም ለአሥርተ ዓመታት ባካሄዱት ጥናት፣ ተለይቶ የታወቀና ፈታኝ ግብ የያዙ ሰዎች «የቻላችሁትን ያህል ሥሩ» ከተባሉት የተሻለ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ለዚህም ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ሰውየው ግቡን የራሱ አድርጎ መቀበሉና የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው ማወቁ። ሌሎች ጽፈው የሰቀሉት ሰሌዳ ሁለቱንም አያሟላም።

በመሆኑም እያንዳንዱ ክፍል በሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር መክሮ፣ የራሱን ተልዕኮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ እንላለን። ለምሳሌ፦ «እያንዳንዳችን በሳምንት ቢያንስ አንድ ያልገባንን ነገር በክፍል ውስጥ እንጠይቃለን፤ በጠያቂውም ማንም አይስቅም»። የክፍሉ አለቃ ዓርብ ዓርብ ስንቶቻችን እንደጠየቅን ይቁጠር። ከወር በኋላ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ሳይንቲስት በሙከራ ያልጸናለትን መላ ምት እንደሚያሻሽል ሁሉ፣ እኛም ዓረፍተ ነገሩን ወይም አሠራራችንን እናሻሽል።

«ሐቀኝነትና መከባበር በቁጥር አይለኩም» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ሆኖም ሐቀኝነት በምን ድርጊት እንደሚገለጥ መናገር ይቻላል፤ መምህሩ ከፈተና ክፍል ቢወጣም አለመኮራረጅ አንዱ ነው። ደግሞም ቆጠራው ለማርክ ወይም ለቅጣት ሊውል አይገባም። ያን ጊዜ ተማሪው ቁጥሩን ለማሳመር ይዋሻልና፣ መለኪያው ራሱ ይበላሻል።

ውድ አንባቢያን፣ ነገ ትምህርት ቤት ስትደርሱ ሰሌዳውን አንብቡና ይህን ጠይቁ፦ «የተጻፈው ባይፈጸም በምን እናውቃለን?» መልስ ካጣችሁለት፣ ብዕርና ወረቀት አንሡ።